የተዋሳት መርፌ

«ሁለቱም ይሸጣሉ ብዬዋለሁ እኮ! ሰውዬው ከዩኒቨርሲቲ ድረስ በባጃጅ መጥቶ አሁን ምን ልበለው?»

«አንዱ ብቻ ነው የሚሸጠው በይው።»

«አባዬ!»

«አትጩኺ። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።»

«ካልጮህኩ አንተ በየት በኩል ትሰማለህ?»

ዳምጠው ቀና አላለም። በቀለም ብሩሽ የእንጨቱን ሸክላ ማጫወቻ ጥግ ጥግ ይጠርጋል፤ አቧራ ግን የለበትም። ከዲላ መናኸሪያ ጀርባ ያለችው የጥገና ሱቁ ግማሽ በግማሽ ተራቁታለች። አሮጌ ቴፖቹን፣ ሆዳቸው የተዘረገፈ ሬዲዮኖችንና ሁለት ጆንያ ሽቦ ትናንት ቆራሌው ወስዷቸዋል። የቤቱ ባለቤት ሱቆቹን አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ስለሆነ ለተከራዮቹ እስከ እሑድ ድረስ ጊዜ ሰጥቷቸዋል። ከእሑድ በኋላ ዳምጠው ከልጁ ከሃሌሉያ ጋር ይኖራል። ሃሌሉያ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ክፍል ትሠራለች፤ የተከራየችው ቤት አንድ ክፍል ተኩል ነው። ተኩሏን ለአባቷ አልጋ አዘጋጅታለች። ከአልጋው ሌላ የሚገባ ነገር የለም፤ በሜትር ለክታ አረጋግጣለች።

«እሺ፣ የማን ነው?» አለች ድምፅዋን ሳትቀንስ። «እኔ ሳልወለድ የመጣ ዕቃ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ያልመጣ ሰው በዚች ሳምንት ይመጣል ብለህ ነው? ወይ ሞቷል፤ ወይ ረስቶታል።»

«አልረሳችም።»

ሃሌሉያ እጇን ወገቧ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ባለ ዕቃዋ ሴት መሆኗን ዛሬ ገና መስማቷ ነው።

«ሴትዮዋ ማናት?»

«አደራ ጥብቅ ነው፤ ሰማይ ሩቅ ነው። አለቀ።»

«ነገር ሲያልቅብህ ተረት ታመጣለህ።»

በሩ ላይ የቆመው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ቀጠን ያለ፣ መነጽር ያደረገ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው።

«እንደምን አደራችሁ? ልግባ ወይስ ክርክሩ ይለቅ?»

«ይግቡ፣ ይግቡ፣» አለች ሃሌሉያ ፊቷን በአንድ ጊዜ ለውጣ። «እኛ ስንነጋገር እንዲህ ነው። ለማያውቀን ጠብ ይመስላል።»

ሠረቀብርሃን የጎጃም ሰው ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ምሕንድስና ማስተማር ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሰሞኑን ሳሎኑ ውስጥ የድሮ ዘመን የሙዚቃ ዕቃ አሟልቶ ለማቆም ተነሥቷል። ሐዋሳ ሄዶ ፈልጓል፤ አዲስ አበባ ሰው ልኳል። በመጨረሻ አንድ ባልደረባው «መናኸሪያ ጀርባ አንድ ሽማግሌ አለ፤ የጃፓን ዕቃ ከእሱ ቤት አይጠፋም» ብሎ ጠቆመው።

«ስልኬ ውስጥ አሥር ሺህ ዘፈን አለ፣» አለ በርጩማ ስቦ እየተቀመጠ። «አንዱንም እስከ መጨረሻው ሰምቼ አላውቅም። ሸክላ ግን ተነሥተህ ካልገለበጥከው ዝም ይላል። ሰውን ያስከብራል።»

ዳምጠው ከንፈሩን እያየ ነበርና ነገሩ ገባው፤ ወደደለትም። ያልወደደው የሰውዬው ዓይን የሚሄድበትን ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ማጫወቻዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ብርማ ነው፤ ከባድ፣ በሳሕኑ ዙሪያ ነጠብጣብ ያለበት፣ ሲዞር ትንሽ ቀይ መብራት የምትበራበት። ሌላው ሰውነቱ ጥቁር ቡኒ እንጨት የሆነ፣ ዝግ ያለ፣ የማያብለጨልጭ ነው። ሠረቀብርሃን ብርማውን በጣቱ አንዴ አሽከረከረውና ወደ እንጨቱ ዞረ።

«ይኼ ዳይሬክት ድራይቭ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ነው ሳሕኑን የሚያዞረው። ያኛው ግን በቺንጋ ነው አይደል? ዩቲዩብ ላይ ባለ ቺንጋው ድምፁ ይለሰልሳል ይላሉ።»

«ዩቲዩብ ብዙ ይላል፣» አለ ዳምጠው።

ሰውዬው ስልኩን አውጥቶ ካሜራውን የእንጨቱ ማጫወቻ ክንድ ጫፍ ላይ አስጠጋ፤ መርፌዋን በስክሪኑ አጉልቶ አያት። ከዚያ ቀስ ብሎ መነጽሩን አወለቀ።

«ጋሽ ዳምጠው፣ ይቺ መርፌ አዲስ ናት። የራሱ የፋብሪካው ናት፤ ደግሞ አንድም ሸክላ አልነካችም። እንዴት ሊሆን ቻለ?»

«ምንድነው ያለው?» ብሎ ዳምጠው ወደ ልጁ ዞረ፤ ሰምቶታል።

«‹መርፌዋ አልተነካችም› ነው የሚለው! እውነት ነው እንዴ? ይኼን ሁሉ ዓመት ዘይት ስትቀባው፣ ቺንጋ ስትቀይርለት ኖረህ አንድ ቀን እንኳ አላጫወትክበትም?»

«የሰው ነው አልኩሽ።»

ብርማውን ለመሞከር ሃሌሉያ አንድ ያረጀ ሸክላ አቀበለችው። ዳምጠው ገመዱን ከድምፅ ማጉያው ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘ፤ ሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች አቧራቸውን አራግፈው ተነፈሱ። ዘፈኑ ሱቋን ሲሞላት ዳምጠው ከደረት ኪሱ ካቻቢቴውን አወጣ። እጀታውን በጥርሱ ነክሶ ጫፉን የማጫወቻው ብረት ላይ አሳረፈና ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለ ሠረቀብርሃን በሹክሹክታ።

«እየሰማ ነው፣» አለች ሃሌሉያ። «ጆሮው ከደከመ ወዲህ በጥርሱ ነው የሚሰማው። ለእኔ ግን ጥርሱንም ከልክሎኛል።»

ሰውዬው አልሳቀም። ሽማግሌው ካቻቢቴውን ከአፉ እስኪያወጣ ጠበቀና ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ረጋ ባለ ድምፅ ጠየቀው። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉኝን ነው የምወስደው። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?»

ዳምጠው በአርባ ዓመት ሥራው ስለ ዕቃ ዋሽቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከአንድ ጊዜ በቀር። የሞተውን ሞቷል ይላል፤ የሚድነውን ይድናል ይላል። ሰው ከገደብም ከይርጋጨፌም ሬዲዮውን ተሸክሞ እሱ ጋ የሚመጣው ስለዚህ ነበር። የእንጨቱ ማጫወቻ በእጁ ካለፉት ሁሉ የላቀ ሥራው ነው። ሳሕኑ ሲዞር ከላዩ ብርጭቆ ውሃ ቢያስቀምጡበት ውሃው አይነቃነቅም።

«ብርማው፣» አለ። «የእንጨቱ ሞተሩ ደክሟል። እየቆየ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ዘፋኙ የታመመ ይመስልሃል።»

«አባዬ፣ ትናንትና እኮ…»

ዳምጠው ልጁን አያት።

ሠረቀብርሃን እንጨቱን አንድ ጊዜ በመዳፉ ዳበሰው፤ ከዚያ እጁን ሰበሰበ። ብርማውን፣ አምፕሊፋየሩንና ሁለቱን ስፒከሮች ገዛ። በዋጋው ብዙ አልተከራከሩም። ባጃጁ ውስጥ ስፒከሮቹ መቀመጫውን ስለሞሉት እሱ ከሾፌሩ ጎን በግማሽ ዳሌው ተቀመጠ፤ ብርማውን እንደ ድስት አቅፎታል።

«ነገ መጥተው ያገናኙልኛል አይደል?» ብሎ ጮኸ።

«ነገ፣» አለ ዳምጠው።

ባጃጁ እንደተሰወረ ሃሌሉያ ወደ ውስጥ ተመለሰች። አሁን አልጮኸችም፤ ፊት ለፊቱ ቆማ ከንፈሯን እንዲያይ አድርጋ ተናገረች።

«ዋሸህ። ስትዋሽ አይቼህ አላውቅም።»

«ሁለተኛዬ ነው።»

«ሴትዮዋ የት ነው ያለችው?»

ዳምጠው ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠረገ፤ ሁለት ጊዜ ጠረገው። «ዱመርሶ።»

«ዱመርሶ? ይርጋጨፌ ሳይደረስ ያለው ዱመርሶ?» ሃሌሉያ በሳቅና በለቅሶ መሐል ሆነች። «እኔ እኮ ከባሕር ማዶ መስሎኝ ነበር! በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም እኮ አባዬ!»

ያውቃል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ያውቀዋል።

«በሕይወት አለች?»

«አለች። በየዓመቱ ለገበያ የሚመጣ የዚያ አገር ሰው እጠይቃለሁ። ‹ሸዋነሽ ደህና ናት?› እላለሁ። ‹ደህና ናት› ይሉኛል።»

«ታዲያ ለምን…»

«ወደ ሥራሽ ሂጂ። ፈቃድሽ አልቋል።»

ሃሌሉያ ሰዓቷን አየች፤ እውነት አልቋል። ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ጣለችለት። «ጠቅልልበት፤ እንዳይጫርብህ፣» አለችና ወጣች።

ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ጥቅሉን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። «አባባ፣ ከላይ እንጫነው?»

«አይሆንም። ጭኔ ላይ ነው።»

«ሕፃን ነው እንዴ?»

«ከሕፃን ይብሳል።»

ሰዎች ሳቁ። ዳምጠው በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ጥቅሉን በሁለት እጁ ያዘ። ኅዳር ነው፤ በወናጎ መንገድ ግራና ቀኝ እንሰቱና ቡናው እርስ በርስ ተደጋግፎ ኮረብታውን ይወጣል፤ በየበሩ ቀይ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። ከላይ በኩል ያለ ወቅቱ የመጣ ደመና ተከምሯል።

በሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት ሸዋነሽ ይህን ዕቃ በነጠላ አዝላ በዚሁ መንገድ አመጣችው። ባሏ ፈለቀ በወርቃ መንደር የቡና ማጠቢያ ጣቢያ መካኒክ ነበር፤ ማጫወቻውን አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ነበር የገዛው። ሳንባው ታመመ። ሐኪሞቹ «ወደ ቤት ውሰጂው» አሏት፤ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል። ማጫወቻው ደግሞ በዚያው ሰሞን መዞር አቆመ። ዳምጠው ከፍቶ አየውና ሳቀ፤ ቺንጋው ነበር የላላው። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። «ቅዳሜ ነይ፣» አላት።

«ቅዳሜ ይድረስልኝ እንጂ ሌላ አልልህም፣» አለች። «አንዲት ሸክላ አለች። እሷን መስማት ነው የሚፈልገው።»

ቺንጋውን በዚያው ቀን ቀየረ። ሐሙስ ዕለት ግን ባለ ሆቴሉ አቶ በቀለ ራሱ በእግሩ ሱቅ ድረስ መጣ። ልጁን ሊድር ነው፤ የሆቴሉ ማጫወቻ መርፌ ተሰብሯል፤ እንዲህ ያለ መርፌ አዲስ አበባ ካልሆነ አይገኝም። ዳምጠው ያን ጊዜ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ሱቁም ገና በሰው አልታወቀም። የፈለቀ መርፌ ለሆቴሉ ማጫወቻ ልክ ነበረች። በጠጋኝ ዘንድ ከአንዱ ነቅሎ ሌላውን ማስነሣት የተለመደ ነው፤ መዋስ ይሉታል እንጂ ስርቆት የሚለው የለም። ሁሉም ያደርገዋል። ለሁለት ቀን ተዋሳት። አቶ በቀለ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ሠርጉ ላይ ከዘመድ ጠረጴዛ አስቀመጠው። ጭፈራው ሲሞቅ አንድ ሰው ጠረጴዛውን በዳሌው ገጨ። መርፌዋ ተሰበረች።

ቅዳሜ ሸዋነሽ መጣች። ዳምጠው «ዕቃው ከአዲስ አበባ አልደረሰም፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ» አላት። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣች፤ ያንኑ ነገራት። በሦስተኛው ቅዳሜ ጥቁር ለብሳ መጣች። ማጫወቻውን አየችው፤ ክንዱ ጫፉ ላይ ባዶ ነበር።

«ይቀመጥ፣» አለች። «የሚሰማው የለም።»

በሁለተኛው ወር አዲስ አበባ ሄዶ መርካቶን ሲያስስ ዋለና ያቺኑ የመሰለች መርፌ አገኘ። ገጠማት። ዱመርሶ ድረስ ሊወስድላት ተነሣና ነገ አለ። ነገ ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ዓመት ሆነ፤ ዓመት ካለፈ በኋላ መሄዱ ካለመሄዱ የባሰ አስቸገረው።

ዱመርሶ ሲደርስ ረዳቱ ክንዱን ይዞ አወረደው። ከአስፋልቱ ዳር አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት መንገዱን በአገጭዋ አሳየችው። ቀዩን መንገድ ሲወጣ ሦስት ጊዜ ቆሞ አረፈ።

ሸዋነሽ ግቢዋ ውስጥ ከቡናው አልጋ አጠገብ ቆማ ያረረውንና የተሰበረውን ፍሬ በእጇ ትለቅማለች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። ቀና ብላ ሰውየውን አላየችም፤ ያየችው ጥቅሉን ነው። በጋቢ ውስጥ ሆኖ ማዕዘኑን አወቀችው።

«አንተ ዳምጠው ነህ፣» አለች። ከማሳ ማዶ መነጋገር የለመደች ናትና ድምፅዋ ጎላ ያለ ነው፤ ያለ ችግር ሰማት።

«አወቅሽኝ?»

«አረጀህ እንጂ ያው ነህ። አስቀምጠው፤ ይከብድሃል።»

አላስቀመጠውም። ጥቅሉን እንዳቀፈ፣ ቆሞ ነገራት። መንገድ ላይ ብዙ ቃል አዘጋጅቶ ነበር፤ ሲናገረው ግን አጭር ሆነ። መርፌዋን እኔ ነቀልኳት። ከአዲስ አበባ የሚጠበቅ ዕቃ አልነበረም። ለሠርግ ነበር። ተሰበረች። ዋሸሁሽ።

ሸዋነሽ አንድ ፍሬ አነሣች፤ አገላብጣ አየቻትና ከአልጋው ውጪ ጣለቻት።

«የማን ሠርግ ነበር?»

«የአቶ በቀለ ልጅ።»

«ሰው ጨፈረ?»

«ጨፈረ።»

«እንግዲህ ሰው ተደስቶበታል፣» አለች።

ሌላ ሁለት ሦስት ፍሬ ለቀመች። ዳምጠው ብትሰድበው በወደደ። ደመናው ከኮረብታው ወርዶ የእንሰቱ ቅጠል ላይ ጥላ ጣለ፤ ሸዋነሽ ወደ ላይ አየችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

«በየማታው ‹ቅዳሜ መቼ ነው?› ይለኝ ነበር፣» አለች ቆይታ። «ቀኑ ጠፍቶበት ነበር። ‹ነገ ነው› እለዋለሁ። ማክሰኞም ቢሆን፣ ሐሙስም ቢሆን ‹ነገ ነው›። እኔም ዋሽቼዋለሁ።»

«እኔ ነኝ ያስዋሸሁሽ።»

«ያን ጊዜ ብትነግረኝ ኖሮ…»

ዳምጠው ጠበቀ። ያልሰማ መሰለውና አንድ እርምጃ ቀረበ። «ምን ታደርጊ ነበር?»

«እሰድብህ ነበር። የአባትህን አጥንት ሳይቀር እሰድብ ነበር።» እጇ ቡናው ላይ ቆመ። «ከዚያ ቤቴ ገብቼ ራሴ እዘፍንለት ነበር። ዘፈኑን አውቀዋለሁ እኮ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ይመጣል፣ ቅዳሜ ይመጣል እያልኩ ሳልዘፍንለት ሄደ።»

ዳምጠው ጥቅሉን አስቀመጠ። መሬት ላይ ነበር ያስቀመጠው፤ እሱም አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ያሰበው ስለ መርፌዋ ነበር። ይህን አንድ ቀን እንኳ አላሰበውም።

ሸዋነሽ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ጥቅሉን ራሷ አንሥታ ወደ ቤት ገባች። ደጃፉ ላይ ዞር ብላ «ና እንጂ!» አለችው።

ቤቱ ውስጥ አንድ አምፖልና አንድ ሶኬት አለ። ሶኬቱ አጠገብ ባለው ሣጥን ላይ ማጫወቻውን አኖሩት። ዳምጠው ጋቢውን ገልጦ ገመዱን ሰካ፤ ሳሕኑ ያለ ድምፅ መዞር ጀመረ። ሸዋነሽ ከሌላ ሣጥን ልብሶቿን አንድ በአንድ አውጥታ ከታች በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አነሣች። መሐሉ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ሸክላ ነበር።

«ሌሎቹን ጌታን ስቀበል ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን አቃጠልናቸው፣» አለች። «ዓለማዊ ዘፈን ነው፤ ይቺም ያው ናት። ግን እጄ እምቢ አለኝ። ለሰው እንዳትናገርብኝ።»

«ለማን እነግራለሁ? ብነግርስ የሚመልሱልኝን አልሰማውም።»

በከንፈሯ ጥግ ትንሽ ፈገግታ መጣና ሄደ። ሸክላዋን ሳሕኑ ላይ አስተካክሎ አኖራት። ሸዋነሽ ዕቃውን ዙሪያውን አየችው፤ ከኋላውም አየችው።

«ድምፁ በየት ነው የሚወጣው?»

ዳምጠው ሊያሳያት ወደ ማጫወቻው ጀርባ ጎንበስ አለ። ከማጫወቻው ኋላ ሁለቱ ቀጫጭን ገመዶች ወደ መሬት ተንጠልጥለዋል። አምፕሊፋየሩ የለም። ስፒከሮቹ የሉም። ጠዋት ሸጧቸዋል። ዕድሜውን ሙሉ ድምፅ ሲጠግን የኖረ ሰው፣ ይህን ቀን ከጎልማሳነቱ ጀምሮ ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ ድምፁን ዲላ ትቶ መጣ።

«ማጉያው… ረስቼው…» አለ። «ነገ አመጣዋለሁ። ነገ በጠዋት…»

«ነገ አትበለኝ፣» አለች ሸዋነሽ።

ሳሕኑ ይዞራል። ዳምጠው የማጫወቻውን ክንድ በሁለት ጣቱ ያዘ፤ ክርኑን ከጎድኑ ጋር አጣበቀ።

«ጎንበስ በይ፣» አላት። «ጆሮሽን ከመርፌዋ አስጠጊ፤ አትንኪያት እንጂ አስጠጊ። ያለ ማጉያም ትንሽ ድምፅ አላት። እንደ ትንኝ ናት፤ ግን አለች።»

ሸዋነሽ ተንበረከከች። ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ ጉንጯን ከእንጨቱ አጠገብ አኖረች። ዳምጠው መርፌዋን አወረዳት። ተገዝታ ከመጣች ጀምሮ ሸክላ ስትነካ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

እሱ ምንም አልሰማም። ያየው ፊቷን ነው። መጀመሪያ ግንባሯ ተቋጠረ፤ የሆነ ነገር ሩቅ ቦታ ላይ እንደምትፈልግ ሆነች። ከዚያ አገኘችው። ዓይኗን ጨፈነች።

ዳምጠው ካቻቢቴውን ከደረት ኪሱ አወጣ። እጀታውን ወደ ጥርሱ አስጠጋ፤ ጫፉን ወደ እንጨቱ ዘረጋ። አንድ ስንዝር ያህል ነበር የቀረው። አንድ ሰው ለመሞት ተኝቶ ሊሰማት የለመናት ዘፈን ምን እንደምትል ሁልጊዜ ማወቅ ይፈልግ ነበር። ያን ጊዜ የሸዋነሽ ከንፈር መንቀሳቀስ ሲጀምር አየ። ከሸክላዋ ጋር እኩል፣ ቀስ ብላ፣ ከጎኗ ለተኛ ሰው እንደሚነገር አድርጋ ቃሉን ታወጣለች።

ካቻቢቴውን መልሶ ኪሱ ከተተው።

የሃሌሉያን ጋቢ ከሣጥኑ አልወሰደም። ጫማው እንዳይጮህ በጎን በጎኑ እየረገጠ ወጣ። ከደጅ የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ቡናው ላይ ወድቀዋል። የቡናው መሸፈኛ ላስቲክ ከአልጋው ራስጌ ተጠቅልሎ ነበር፤ ዘረጋው፤ ቡናውን ከዳር እስከ ዳር ሸፈነ፤ ነፋስ እንዳይገልጠው በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ ጫነበት። በተከፈተው በር ሲያይ ሸዋነሽ እንደተንበረከከች ናት፤ ቀና አላለችም።

ዳምጠው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ቀዩን መንገድ ወደ አስፋልቱ ወረደ።